ስለ ኢሜይል ሰርቨር ፈቃድና ስለ ሠራተኛው ስልክ

የመሥሪያ ቤቱን የኢሜይል ሰርቨር እንዲያቋቁም፣ ወይም የቆመውን እንዲጠብቅ አደራ የተጣለበት ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው ሁለት ጊዜ መሆኑን አስቀድሞ ቢረዳ ኖሮ ብዙ ድካምና ብዙ ጸጸት በቀረለት ነበር፤ ይኸውም አንደኛው ፈቃድ የሶፍትዌሩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ለመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው የመጠቀም ፈቃድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሠራተኛው በኪሱ ይዞት በሚሄደው በገዛ ስልኩ ላይ መሥሪያ ቤቱ ሥልጣን እንዲኖረው ዘንድ በኅሊናው መርምሮ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። የመጀመሪያው በገንዘብ ይገዛል፤ ሁለተኛው ግን አይገዛም። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን የግዥ ክፍል ጉዳይ ነው ብለን ስንተወው፣ ሁለተኛውን ጨርሶ አናስበውም፤ ይህን መመሪያ ለመጻፍ የተነሣሣሁትም በሁለቱም ተሳስቼ ስለ ነበርና፣ የሁለተኛው ስሕተቴ እስከ ዛሬ ድረስ ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ለምሳሌነት የመረጥሁት ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሰርቨርን ነው። ኢሜይላቸውን በራሳቸው ግቢ፣ በራሳቸው ማሽን ላይ የሚያስተናግዱ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በእርሱ ይገለገላሉ፤ የፈቃዱም ሥርዐት ተደራራቢ ስለ ሆነ፣ እርሱን አጥርቶ የተረዳ ሰው የሌሎቹን ለመረዳት አይቸገርም። ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ ደብተር፣ የሠራተኞቹ ሙሉ የስም ዝርዝርና ሰው የማይጠራዎት የግማሽ ቀን ጊዜ ነው።

ንብርብሩን መለየት

አንድ ባልደረባ ከግዥ ክፍል መጥቶ «የኤክስቼንጅ ላይሰንስ ተገዝቷል» ቢልዎ፣ ደስ ከመሰኘትዎ በፊት «የትኛው?» ብለው ይጠይቁት፤ ምክንያቱም በዚህ ስም የሚጠራው ፈቃድ አንድ አይደለም። ከሁሉ በታች ዊንዶውስ ሰርቨር አለ፤ የእርሱ ፈቃድ የሚቈጠረው ማሽኑ ባለው የፕሮሰሰር ኮር ልክ ሲሆን፣ ማሽኑ ያለው ኮር ጥቂት ቢሆን እንኳ ለእያንዳንዱ ማሽን ከ16 ኮር በታች መግዛት አይፈቀድም። ሠራተኞቹም ለዚሁ ለዊንዶውስ የራሱ የሆነ የተጠቃሚ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በዚያ ላይ የኤክስቼንጅ የሰርቨር ፈቃድ ይመጣል፤ ይህም ለእያንዳንዱ ለሚሠራ ሰርቨር አንድ አንድ ነው፤ በአንድ ብረት ላይ ሁለት ቨርቹዋል ሰርቨር ቢያቆሙ ሁለት ፈቃድ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካው መጠባበቂያ አቁመው በየጊዜው መረጃው እንዲገለበጥበት ቢያደርጉም እንደዚሁ ሁለት ፈቃድ ነው። በሰርቨሩ ፈቃድ ላይ ደግሞ ባለሙያዎች በአጭሩ «ካል» የሚሉት የተጠቃሚ ፈቃድ ይታከላል፤ ይህ ካል ሁለት ማዕርግ አለው፣ ስታንዳርድና ኢንተርፕራይዝ።

የካሉ ሁለት ማዕርግ እንዴት እንደሚያያዝ ለማስረዳት ከቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ወደ ቅድስት የሚገባ ሰው አስቀድሞ ቅኔ ማሕሌቱን ማለፍ አለበት፤ ቅድስት ቅኔ ማሕሌትን አይተካም። እንደዚሁም የኢንተርፕራይዝ ካል የስታንዳርዱን ካል አይተካም፤ በላዩ ይታከላል እንጂ። ስለዚህ በፕሮፎርማ ላይ «120 ኢንተርፕራይዝ ካል» ተብሎ ተጽፎ 120 ስታንዳርድ ካል አብሮ ያልተጻፈ እንደ ሆነ፣ ያ ፕሮፎርማ ጎደሎ ነውና ወደ አቅራቢው ይመለስ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ፊደሉ አንድ ሆኖ ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ፍቺው ሁለት የሚሆን ቃል በቋንቋችን እንዳለ ሁሉ፣ ስታንዳርድና ኢንተርፕራይዝ የሚሉትም ስሞች በሰርቨሩ ፈቃድ ላይ ሲነገሩ አንድ ነገር፣ በካሉ ላይ ሲነገሩ ሌላ ነገር ናቸው። በሰርቨሩ ላይ ልዩነቱ የመልእክት ሣጥኖች የሚቀመጡባቸው የመረጃ ቋቶች ብዛት ነው፤ ስታንዳርዱ እስከ 5፣ ኢንተርፕራይዙ እስከ 100 ቋት ያስተናግዳል፤ ከሌላ ሰርቨር ተገልብጠው የተቀመጡት ቅጂዎችም በዚሁ ቍጥር ውስጥ ይገባሉ። በካሉ ላይ ግን ልዩነቱ ሰውየው ሊጠቀምባቸው የሚችላቸው አገልግሎቶች ናቸው፤ የቈዩ መልእክቶች የሚቀመጡበት የተለየ ማኅደርና አጥብቀው የሚቈጣጠሩ የስልክ ደንቦች ከነዚህ ይቈጠራሉ። ሁለቱ አይተሳሰሩም። ስታንዳርድ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ለጥቂት ሰዎች ኢንተርፕራይዝ ካል ሊገዛ ይችላል፤ ኢንተርፕራይዝ ሰርቨር ያለውም ሠራተኞቹን ሁሉ በስታንዳርድ ካል ብቻ ሊያገለግል ይችላል። በእኔ አስተያየት 120 ያህል ሠራተኛ ላለው መሥሪያ ቤት ስታንዳርዱ ሰርቨር ይበቃዋል፤ «ትልቁን ግዛልን» የሚለውን የአለቃ ቃል ግን በዚህ በቋቱ ቍጥር አስደግፎ ማስረዳት የእርስዎ ፈንታ ነው።

ሰውን መቍጠር

ንብርብሩን ከለዩ በኋላ ደብተርዎን ይክፈቱና ቈጠራውን ይጀምሩ። የሚቈጠረው የመልእክት ሣጥን አለመሆኑን ልብ ይበሉ፤ የሚቈጠረው ወደ ሰርቨሩ የሚገባው ሰው ወይም የሚገባበት መሣሪያ ነው። አንዲት ጸሐፊ የራሷን፣ የዋና ሥራ አስኪያጁንና የቅሬታ ሰሚውን ሣጥን ብትከፍት፣ ሦስት ሣጥን ስለ ከፈተች ሦስት ካል አይጠየቅላትም፤ አንዲት ሰው ናትና አንድ ይበቃታል። ለማንም ስም ያልተሰጠ፣ ብዙ ሰው ተራ በተራ የሚያነበው ሣጥንም ለራሱ ካል አያስፈልገውም፤ የሚያነቡት ሰዎች ካላቸው በቂ ነው።

ካሉ በሰው ወይም በመሣሪያ ሊገዛ መቻሉ ብዙ ሰው አትርፌያለሁ እያለ የሚከስርበት ቦታ ነው። በአንድ የጤና ድርጅት 24 ነርሶች በሦስት ፈረቃ፣ በ8 ኮምፒውተር ኢሜይላቸውን ያነባሉ እንበል። በመሣሪያ ከተገዛ 8፣ በሰው ከተገዛ 24 ካል ያስፈልጋል፤ ይህን ያየ ሰው ሁሉ በመሣሪያ ይግዛ ማለቱ አይቀርም፤ ነርሶቹ በኮምፒውተሩ ብቻ የሚያነቡ ቢሆን ኖሮም ምክሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን ነርሶቹ ኢሜይሉን በየስልካቸው ላይ የከፈቱ ዕለት እያንዳንዱ ስልክ እንደ አንድ መሣሪያ ይቈጠራል፤ 8ቱ ኮምፒውተርና 24ቱ ስልክ ተደምረው 32 ይሆናሉ፤ በሰው ቢገዛ ግን ያው 24 በሆነ ነበር። በሰው የተገዛ ካል ሰውየው በሚይዘው ስልክ፣ ላፕቶፕና የቢሮ ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ያገለግለዋል። ስለዚህ ስልክ ወደ ኢሜይል በገባበት ቤት ሁሉ ካሉ በሰው ቢገዛ ይሻላል እላለሁ፤ በፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ብዙ ሰው የሚፈራረቅበት አንድ ኮምፒውተር ዐይነት ነገር ካልሆነ በቀር።

ቈጠራው ሲያልቅ በደብተሩ ላይ ሦስት ዐምድ ይስመሩ፤ የሰው ስም፣ ያለው ካል፣ ካሉ የተገዛበት የውል ቍጥር። አንዳንዶቹ ሠራተኞች ማይክሮሶፍት 365 የሚባለው በየወሩ የሚከፈልበት አገልግሎት ያላቸው እንደ ሆነና ማዕርጉ ኢ3 ወይም ኢ5 ከሆነ፣ ያ ክፍያ ለካሉም ይቈጠርላቸዋልና ድጋሚ አይግዙላቸው።

ቁልፉና ወረቀቱ

ኤክስቼንጅ ሲጫን ያለ ቁልፍ ለሙከራ 180 ቀን ይሠራል። በነዚህ ቀናት ውስጥ 25 ሆሄያት ያሉትን የምርት ቁልፍ በአስተዳደሩ ገጽ፣ ሰርቨሮች በሚለው ክፍል ማስገባት ያስፈልጋል፤ ቁልፉ ከገባ በኋላ ኢንፎርሜሽን ስቶር የሚባለውን አገልግሎት አጥፍተው ማስነሣትዎን አይርሱ፤ ይህም ለጥቂት ጊዜ ኢሜይሉን ስለሚያቋርጥ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከስታንዳርድ ወደ ኢንተርፕራይዝ ቁልፍ በመቀየር መውጣት ይቻላል፤ ከኢንተርፕራይዝ ወደ ስታንዳርድ መውረድ ግን ሰርቨሩን እንደ ገና ካልጫኑ በቀር አይሆንም፤ ስለዚህ የተገዛው የትኛው እንደ ሆነ ሳያረጋግጡ ያገኙትን ቁልፍ አያስገቡ።

ካሉ ግን ቁልፍ የለውም። 50 ካል ገዝተው 120 ሰው ቢያስገቡ ሰርቨሩ ዝም ይላል፤ አይከለክልም፣ አያስጠነቅቅም። ይህ ዝምታ ብዙ ሰው አሳስቷል። ኩባንያው በውሉ መሠረት ሊመረምር ይችላል፤ በሀገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ጋር ቈጥሮታል። በዚያን ጊዜ ማስረጃ የሚሆነው ወረቀቱ ብቻ ነው። ወረቀቱም የሚጠፋበት ምክንያት አለው፤ ወንበርና ማተሚያ ሲገዛ ንብረት ክፍል ተረክቦ ሞዴል 19 ይቈርጣል፣ ካል ግን በመጋዘን የማይገባ ረቂቅ ነገር ስለ ሆነ ማንም አይረከበውም፣ ደረሰኙ ከሒሳብ ክፍል ሰነድ ጋር ታስሮ ይቀራል፣ ሰነዱን ያሰረው ሰው ሲቀየር ፍለጋው ይጀመራል። ስለዚህ የግዥ ትእዛዙን፣ የኩባንያውን የፈቃድ ሰነድና ደረሰኙን አንድ አንድ ቅጂ አስነሥተው በራስዎ ክፍል፣ በደብተሩ አጠገብ ያኑሩ፤ ንብረት ክፍሉንም አግባብተው ረቂቅ ንብረት የሚመዘገብበት አንድ ገጽ እንዲከፍት ያድርጉ።

ስለ ዘመኑ ደግሞ ጥቂት ልበል። ኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 የሚባሉት እትሞች የኩባንያው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቶባቸዋል። የተካቸው እትም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2025 የወጣው ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን ሲሆን፣ ስሙ እንደሚናገረው አንድ ጊዜ ገዝተው ለዘለዓለም የሚይዙት አይደለም፤ ወይ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ፣ ወይ ሶፍትዌር አሹራንስ የሚባለው የቀጠለ ውል ይፈልጋል፤ ይህም ለሰርቨሩም ለካሉም ነው። ቀድሞ 2019ን ያለዚህ ውል የገዛ መሥሪያ ቤት በያዘው ወረቀት ወደ አዲሱ ሊሻገር አይችልም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነና የባንኩ ጉዳይ ጊዜ ስለሚወስድ፣ የእድሳቱም ቀን በፈረንጅ አቈጣጠር ሲጻፍ የእኛ በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር በግድግዳው ካሌንደር ላይ ይጻፉት፤ ከዚያም ሦስት ወር ወደ ኋላ ቈጥረው የጥያቄውን ደብዳቤ የሚጽፉበትን ቀን ምልክት ያድርጉበት።

ወደ ስልኩ መግባት

አሁን ወደ ሁለተኛው ፈቃድ እንለፍ። ስልክ ከኤክስቼንጅ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ አክቲቭሲንክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ለኤክስቼንጅ 2003 በወጣው ሁለተኛ ማሻሻያ መልእክት በደረሰ ጊዜ ወዲያው ወደ ስልኩ እንዲገፋ፣ የጠፋውንም ስልክ ከሩቅ ለማጥፋት እንዲቻል ተደረገ፤ በ2008 አይፎን ይህንኑ ቋንቋ ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲህ በቢሮ መዝገብ ቤት ይቀመጥ የነበረው ደብዳቤ በሠራተኛው ኪስ ገብቶ ታክሲ ይሳፈራል፣ ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ቤት ያድራል።

መጀመሪያ የሚያስደነግጠውን ልንገርዎ። ሰርቨሩን ጭነው ምንም ካልነኩ፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሁሉ በፈለገው ስልክ ገብቶ ኢሜይሉን ማውረድ ይችላል፤ አብሮ የሚመጣው ደንብ ስልኩ መቈለፊያ እንዲኖረው አያዝም፣ ደንቡን መፈጸም የማይችለውን ስልክም አይመልስም። ስለዚህ በአስተዳደሩ ገጽ ሞባይል ወደሚለው ክፍል ይግቡና፣ የማይታወቅ ስልክ ሲመጣ ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ ከሦስቱ ምርጫዎች፣ ማለትም ከመፍቀድ፣ ከመከልከልና ከማቈየት፣ ማቈየትን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ሠራተኛ ስልኩን ሲያገናኝ ፈቃድ እየጠበቀ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ይደርሰዋል፣ ለእርስዎም ማስታወቂያ ይመጣል፤ ሰውየውን ጠርተው ስልኩን አይተው ስሙን በደብተሩ ላይ ካሉ አጠገብ ጽፈው ይፈቅዱለታል። አስቀድመው የተገናኙት ስልኮች ግን ድንገት ተቋርጠው ሠራተኛው እንዳይደናገጥ፣ ከመቀየርዎ በፊት ዝርዝራቸውን አውጥተው አንድ በአንድ ይፍቀዱላቸው።

ደንቡን ሲያወጡ ጥቂት ነገር ይያዙ፤ መቈለፊያ ይኑረው፣ ቢያንስ 6 አኃዝ ይሁን፣ ሳይነካ 5 ደቂቃ ከቈየ ይቈለፍ፣ በውስጡ ያለው መረጃ የተመሰጠረ ይሁን። መቈለፊያውን ደጋግሞ የተሳሳተ ስልክ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዘው ደንብ ከ4 እስከ 16 ሙከራ ድረስ ይቀበላል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ስልክ መጫወቻ መሆኑን አስበው ከ10 አያሳንሱት። ካሜራን፣ ብሉቱዝን፣ ዋይፋይንና የሚነቀለውን የማስታወሻ ካርድ የሚዘጉ ምርጫዎችም አሉ፤ እነዚህን ግን ከመንካትዎ በፊት ወደ ደብተርዎ ይመለሱ። እነዚህ የጠበቁት ምርጫዎች የኢንተርፕራይዝ ካል ባለቤቶች ብቻ የሚጠቀሙባቸው ናቸው፤ ለሁሉም በሚሠራው ደንብ ላይ «ካሜራ ይዘጋ» የሚለውን አንዲት ትእዛዝ የጨመሩ ቀን፣ 120ውም ሠራተኛ የኢንተርፕራይዝ ካል ባለዕዳ ይሆናል፣ ሰርቨሩም እንደ ልማዱ ዝም ይላል። ካሜራ እንዲዘጋ የሚያስገድድ ሥራ ያላቸው ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ካሉ፣ ለእነርሱ ብቻ ሁለተኛ ደንብ ያውጡና ለእነርሱ ብቻ ካሉን ይግዙ። ደግሞም ስልክ ሁሉ ይህን ትእዛዝ አይፈጽምምና፣ ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ሠራተኞቹ በያዙት ስልክ ዐይነት ይፈትኑት።

ስለ ማጥፋት ሥልጣን

ከሁሉ የከበደው ሥልጣን ከሩቅ የማጥፋት ሥልጣን ነው። ከስልኩ ጋር አብሮ በመጣው የኢሜይል ማንበቢያ የተገናኘ ስልክ ላይ ይህ ትእዛዝ ሲወርድ፣ የሚጠፋው ኢሜይሉ ብቻ አይደለም፤ ስልኩ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይሆናል፤ ፎቶው፣ የስልክ ቍጥሩ፣ የተቀዳው ድምፅ ሁሉ ይሄዳል። ትእዛዙም ስልኩ ተዘግቶ ወይም ከኢንተርኔት ርቆ ቢገኝ አይሻርም፤ በሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩ ተመልሶ የሚገናኝበትን ሰዓት ይጠብቃል።

ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በደረሰብኝ ነገር ነው የተማርሁት። ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አመሻሽ ላይ በሰው ስልክ ደውላ ስልኳ ታክሲ ውስጥ እንደ ጠፋባት ነገረችኝ። የደመወዝ ዝርዝር በኢሜይሏ ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበርና ሳልውል ሳላድር ሙሉ የማጥፋቱን ትእዛዝ ላክሁ። በሦስተኛው ቀን የታክሲው ረዳት ስልኩን ከወንበር ሥር አግኝቶ፣ ፓኬጁ ያለቀ ስለ ነበር ኢንተርኔት ሳያገኝ ባትሪውን ሞልቶ ቈይቶ፣ እኅቷ ስትደውል አንሥቶ «ኑና ውሰዱ» አላት። ልጅቱም ተቀብላ ደስ ብሏት ወደ ቢሮ መጣች፤ እኔም ትእዛዙ ገና እየጠበቀ መሆኑን ዘንግቼ እንኳን ደስ ያለሽ አልኋት። ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ ለረዳቱ የምስጋና መልእክት ልትጽፍ ስትል ስልኩ የቢሮውን ዋይፋይ ያዘ፤ መስኮቱ ጠቈረ፣ የኩባንያው ምልክት ወጣ፤ ሲከፈት ቋንቋ እንድትመርጥ ጠየቃት። ከጠፉት ነገሮች አንዱ እናቷ ከማረፋቸው በፊት የመረቋት ድምፅ ነበር። ሌላ ቦታ አልነበራትም። የገባችው ውል፣ የፈረመችው ወረቀት አልነበረም፤ ስልኩ የእርሷ፣ የተገዛውም በእርሷ ገንዘብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሥርዐት ይህ ነው፤ እርስዎም እንዲከተሉት እለምናለሁ። ስልኩ ጠፋ ሲባል በቅድሚያ የሰውየውን የኢሜይል የይለፍ ቃል ይቀይሩና ስልኩ ከሰርቨሩ ጋር እንዳይገናኝ ያግዱት፤ ይህ አዲስ መልእክት እንዳይወርድ ያደርጋል፣ የሰውየውንም ንብረት አይነካም። ማጥፋት የሚያስፈልግ ከሆነ ግን፣ እንዳይገናኝ የተደረገ ስልክ ትእዛዙን አይቀበልምና፣ ቃሉን ከመቀየርዎና ስልኩን ከማገድዎ በፊት የኢሜይል አካውንቱን ብቻ የሚያጠፋው ትእዛዝ በዚያ ስልክ ላይ ይሠራ እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ በአክቲቭሲንክ 16.1 የመጣው ይህ ትእዛዝ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል፣ ቀጠሮና የስልክ ማውጫ ብቻ ያነሣል። የመተግበሪያው ዐይነትም ልዩነት አለው፤ ሠራተኛው አውትሉክ በሚባለው መተግበሪያ ሲገናኝ ከሰርቨሩ የሚወርደው የማጥፋት ትእዛዝ የመተግበሪያውን መረጃ ብቻ ስለሚያጸዳ፣ በግል ስልክ ለሚሠራ ሰው እርሱን እመክራለሁ፤ መልእክቱ ግን በኩባንያው ደመና በኩል እንደሚያልፍ ዐውቀው፣ ከግቢ እንዳይወጣ በሕግ የተከለከለ ሰነድ ያለበት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ይምከርበት። ሙሉው ማጥፋት የመጨረሻው ነው፤ እርሱንም ሲልኩ ሰዓቱንና ያዘዘውን ሰው በደብተሩ ይጻፉ፤ ስልኩ ተገኘ ሲባልም ከምንም በፊት፣ ባለቤቱ ስልኩን ሳይከፍት፣ ትእዛዙን ይሰርዙ። አንድ ጊዜ የጠፋውንም ስልክ መልሰው ከማገናኘትዎ በፊት ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ያስወግዱት፤ ካልሆነ አሮጌው ትእዛዝ እንደ ገና ሊያጠፋው ይችላል። ሠራተኛው ራሱ በኮምፒውተር ከኢሜይሉ ገጽ ገብቶ የራሱን ስልክ ማጥፋት እንደሚችልም ያስተምሩ፤ ሌሊት ለጠፋ ስልክ እርስዎን ከመፈለግ ይድናል።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ግን አስቀድሞ በተፈረመ ቃል ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የደግነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ወረቀቱ ረዥም አይሁን፤ የሚከተለው ይበቃል፦ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጻፈው ሠራተኛ የግል ስልኬን ከመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ጋር ሳገናኝ፣ ስልኬ መቈለፊያ እንዲኖረው መሥሪያ ቤቱ እንደሚያዝ፣ ስልኬ ቢጠፋ ወይም ሥራ ብለቅ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ከስልኬ እንደሚያነሣ፣ ሙሉ ስልኬን የሚያጠፋው ግን እኔን በቃል ጠይቆ ስስማማ ብቻ እንደ ሆነ፣ ፎቶዬንና የግል መልእክቴን እንደማያይ ተነግሮኝ ተስማምቻለሁ። በማናቸውም ጊዜ ኢሜይሉን ከስልኬ አንሥቼ ይህን ፈቃድ ማንሣት እችላለሁ።» ሠራተኛው አንብቦ እንጂ እንዲሁ አይፈርም፤ አንብበው ያስረዱት፤ የቤተሰቡንም ፎቶ ሌላ ቦታ እንዲያስቀምጥ እዚያው ያሳዩት። አልፈርምም ያለውም በኮምፒውተር ያንብብ እንጂ አይወቀስ።

ኢሜይሉ ሳይሆን ስልኩ ራሱ በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ተገዝቶ የተሰጠ እንደ ሆነ፣ አክቲቭሲንክ ብቻውን አይበቃም፤ መተግበሪያ የሚጭን፣ ስልኩን የሚመዘግብና የሚያዝ የተለየ የመሣሪያ ማስተዳደሪያ ያስፈልጋል፤ ይህም የራሱ ክፍያ አለው፣ ከኤክስቼንጅ ካል ጋር አይመጣም። በአንድሮይድ ስልክ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሥራውን መረጃ ከግሉ በግድግዳ የሚለይ የሥራ ክፍል ስላለ፣ ለግል ስልክም ቢሆን ይህ ከሁሉ የተሻለ ነው። የአይፎን ማስተዳደሪያ ግን ከአፕል የሚሰጥ ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ እርሱም አንድ ዓመት ብቻ ይቈያል። ሲታደስ መጀመሪያ በተሰጠበት በዚያው የአፕል አካውንት መታደስ አለበት፤ በአንድ ሠራተኛ የግል አካውንት ተሰጥቶ ሠራተኛው ከለቀቀና እድሳቱ ካለፈ፣ ስልኮቹ ሁሉ አንድ በአንድ ተሰብስበው እንደ አዲስ መመዝገብ ይሆናል ዕጣቸው። ስለዚህ አካውንቱ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ በካዝና ይቀመጥ።

በመጨረሻም ክሊራንስ። የሚሰናበተው ሠራተኛ ለፊርማ ወደ እርስዎ ሲመጣ ወረቀቱን ፈርመው አይስጡት፤ ወንበር አቅርበውለት ስልኩን እንዲያወጣ ይጠይቁት። የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ከስልኩ ላይ በራሱ እጅ፣ በእርስዎ ፊት ያንሣ፤ እርስዎም ስልኩን ከሰርቨሩ ዝርዝር ያስወግዱ፣ የይለፍ ቃሉን ይለውጡ፣ የፈረመውን የስምምነት ወረቀት «ተፈጽሟል» ብለው ቀን ጽፈውበት ከማኅደሩ ያኑሩ። ከዚያ ደብተሩን ገልጠው በስሙ የተመዘገበውን ካል ይሰርዙና፣ በእርሱ ቦታ የሚገባው ሰው ሲታወቅ ስሙ የሚጻፍበትን መስመር ባዶ ይተዉለት።